ለልጄ የተጾሙ አርቦች

ሆሳዕና መናኸሪያ ሊሸኙኝ የመጡት እነዚህ ናቸው፦ የልጆቼ አባት፣ ልጄ ብርሃኔ ሕፃኗን አዝላ፣ ከጸሎት ቡድናችን እትዬ ዘነበችና እትዬ ወርቄ፣ ወንጌላዊያችን፣ እና የአጥር ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ። ወይዘሮ አስካለ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ሌሎቻችን ጴንጤዎች ነን። ሁላችንም አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ነበር። ወንጌላዊው እጅ ሊጭንብኝ ስላልቻለ ራቅ ብሎ ቆሞ መዳፉን ወደ እኔ ዘርግቶ ጸለየ። ሾፌሩ ጥሩንባውን ሲነፋ አሜን ሳልል ገባሁ። ያ ያልተባለ አሜን እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሲከነክነኝ ዋለ።

የምሄደው ወደ ልጄ ወደ ታምሩ ነው። ታምሩ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ጻካኔ በሚባል ሰፈር ትንሽ ሱቅ አለው፤ እነርሱ ስፓዛ ይሉታል። ኮሮና ይዞት ሆስፒታል ከገባ ወር ሆኖት ነበር። በራሱ መተንፈስ አቅቶት በኦክስጅን ነው ያለው ተባልኩ። ከመታመሙ በፊት ለጥየቃ ብዬ የጀመርኩት ቪዛ በዚያው ሰሞን ወጣልኝ። ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ በሕይወት ሳለ ደርሼ አጠገቡ መቀመጥ። ይህን የምጽፈው ለጸሎት ቡድናችን እናቶችና እዚያ ልጅ ላላቸው ሁሉ ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ፊደሉን ብርሃኔ አይታልኛለች፣ ነገሩ ግን የራሴ ነው።

አዲስ አበባ የእህቴ ልጅ ቤት አደርኩ። ለጉዞ ለሚጠየቀው የኮሮና ምርመራ አፍንጫዬ ውስጥ ቀጭን እንጨት ሲከቱ እንባዬ ወረደ። ውጤቱ እስኪመጣ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በሽታው ቢገኝብኝ ይመልሱኛል፣ ከመለሱኝ ደግሞ ልጄን አላየውም ብዬ። ነጻ ነሽ ከተባልኩ በኋላም አላረፍኩም። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ድንገት ቢያስለኝ ይጠረጥሩኛል ብዬ ከረሜላ ጉንጬ ውስጥ ይዤ ዋልኩ።

በአውሮፕላኑ ውስጥ ከጎኔ ያለው ሰው ደጋግሞ አሳለ። ነጠላዬን በጭምብሌ ላይ ደረብኩ። ምግብ ሲያቀርቡልኝም ጭምብሌን ላለማውለቅ ብዬ ሳልነካው ተመለሰ። እንዲህ ተርቤ ጆሃንስበርግ ደረስኩ። እዚያ ሻንጣዬን ያስከፈተው ሰው ለታምሩ ብዬ ያነጠርኩትን ቅቤ አንስቶ ወሰደ፤ ከብት ነክ ነገር አይገባም ማለቱ ነው። በኮባ የጠቀለልኩትን ቆጮ ግን አወጣ፣ አሸተተ፣ አገላብጦ አየ፣ ራሱን ነቀነቀና መለሰልኝ። ሊቀበለኝ የመጣው ደጀኔ በኋላ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። «ማዘር፣ የሸክላ ጭቃ መስሎት ይሆናል» አለኝ።

ደጀኔ የዱራሜ ልጅ ነው፤ ሱቁን ከታምሩ ጋር የሚሠራ። ከኋላዋ ክፍት በሆነች መኪና፣ ባኪ በሚሏት፣ መጥቶ ተቀበለኝ። መንገዱ ሰፊና ለስላሳ ነው። እኛ ዘንድ ከሆሳዕና እስከ ወራቤ በሬ፣ አህያ፣ ተማሪ፣ ሙሽራ ሳይቋረጥ መንገዱን ይሞላል። እዚህ በእግሩ የሚሄድ ሰው ስላጣሁ ሰዉ አልቆ ይሆን ብዬ ፈራሁ። በመንገዱ ዳር ቢጫ ኮረብታ ብቻውን ቆሟል፤ ከወርቅ ጉድጓድ የወጣ አፈር ነው አለኝ። ስለ ታምሩ ስጠይቀው መሪውን ጥብቅ አድርጎ ይዞ፣ «አለ ማዘር፣ አለ» ይለኛል። «አለ» ብቻ የሚል ሰው ያስፈራል።

ታምሩ የሚኖረው አክቶንቪል በሚባል የሕንዶች ሰፈር፣ ከአንድ ቤት ጓሮ በተከራየው ክፍል ነው። ከሱቁ ውስጥ ማደር ስለሚያስፈራ ነው እዚያ የገባው። በሩ ላይ ስንደርስ በግቢው ውስጥ በረጅም ቀርከሃ ላይ ቀይ ባንዲራ ተሰቅሎ አየሁ። ኮሮና የገባበት ቤት ምልክት ነው ብዬ ከመኪናው አልወርድም አልኩ። ደጀኔ የጸሎት ባንዲራ መሆኑን፣ ሕንዶቹ ግቢያቸው ውስጥ እንደሚተክሉት እስኪያስረዳኝ ድረስ የመኪናውን እጀታ አልለቀቅኩም።

የቤቱ ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ናቸው፤ አንቲ ሳሮጅ ይሏቸዋል። ቀጭን ናቸው፣ ጠጉራቸው እንደ ጥጥ ነጭ። ከበረንዳቸው ሳይወርዱ ሁለት መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው ሰላም አሉኝ። ከዚያ በግቢው መካከል ባለ ወንበር ላይ ሳህን አስቀመጡና ወደ ኋላ ሄዱ። ሩዝ፣ ምስርና የተጠበሰ ድንች ነው። ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም ነበር፤ ሆኖም እጄ አልሄደልኝም። ለጣዖት የቀረበ ቢሆንስ አልኩ። ደጀኔ ሳቅ ብሎ፣ ልጠይቅልሽ ወይ አለኝ። ጠይቅልኝ አልኩት። እኔ እንኳ አፍሬ ነበር፣ ሴትየዋ ግን አልከፋቸውም።

«ንገራት» አሉት፣ «ይህ ከድስት የወጣ ነው። ለጸሎት የማቀርበውን ለይቼ አውቃለሁ፤ ሳትጠይቀኝ አልሰጣትም።»

በላሁ። ምስራቸው ቅመሙ በዝቶበታል፣ ከእኛ ክክ ይልቅ ቀጠን ይላል። ማታ በታምሩ አልጋ ላይ ተኛሁ። ጃኬቱ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ኪሱ ውስጥ የሳል ከረሜላ ነበር።

በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ ሆስፒታል ሄድን። ጥበቃው ከበሩ አላሳለፈንም። ደጀኔ በአገሬው ቋንቋ፣ በዙሉኛ፣ ሰላም ብሎ ቀለደበት፣ ተለማመጠው፤ ሰውየውም ሳቀ፣ በሩን ግን አልከፈተም። ይህን ሁሉ አገር አልፌ መጥቼ ከልጄ የሚለየኝ አንድ ግድግዳ ነው። ቀን ላይ አንዲት ነርስ በራሷ ስልክ ደውላ ፊቱን አሳየችን። አፉና አፍንጫው በፕላስቲክ ተሸፍኗል። ጉንጩ ገብቷል። መናገር አልቻለም፤ ጣቱን ብቻ አነሣልኝ። ስልኩ ሲዘጋ ደጀኔ ፊቱን ወደ መኪናው መስኮት አዞረ።

ወደ ቤት ስንመለስ አንቲ ሳሮጅ በረንዳው ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ያን ዕለት ነው ነገሩን የሰማሁት። ታምሩ ሲያስል በግድግዳው በኩል የሰሙት እርሳቸው ናቸው፤ በሩን አሰብረው አምቡላንስ የጠሩትም እርሳቸው። አምቡላንሱ ከሄደ ጀምሮ አርብ አርብ ለልጄ ይጾማሉ። አስራ ስድስት አርብ ተስለዋል፤ አምስተኛው ሊደርስ ነው። የሚጾሙት ሳንቶሺ ማታ ለሚሏት አምላካቸው ነው፤ የእርካታ እናት ማለት ነው አሉ።

ይህንን ስሰማ ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ያዙኝ። ማንም ዞር ብሎ ባላየው ጊዜ ልጄን ያተረፈ ሰው ነው። ነገር ግን በልጄ ስም ለሌላ አምላክ ስለት ገብቷል፤ ጌታ ምን ይለኛል? ደጀኔ ከሄደ በኋላ ወደ ሆሳዕና ደወልኩ። የልጆቼ አባት እስክጨርስ ሰማኝና እንዲህ አለ፦ «ለልጃችን ብሎ የራበውን ሰው ምን ብለን እንከልክል? አንቺም በራስሽ ጸልዪ።»

ደጀኔን ጾሙ ምን ዓይነት ነው ብዬ ጠይቄው ነበር። እሱም ለሱቁ እየቸኮለ፣ «ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ማታ አንዴ ይበላሉ፤ እንደ ኦርቶዶክስ ጾም ቁጠሪው» አለኝ። ይህ ገባኝ። እኛ ስንጾም ውኃም ሳንቀምስ ነው የምንጸልየው፤ የወይዘሮ አስካለን ጾም ግን ከአጥር ወዲያ ስንት ዓመት አይቻለሁ። የጾም ምግብ አውቃለሁ። ስለዚህ ሐሙስ ቀን ደጀኔ ዱርንፎንቴን በሚባል ሰፈር ካሉት የአገራችን ልጆች ሱቅ ጎመንና ዘይት ገዛልኝ። ቅቤ የነካው ዕቃ እንዳይሆን ብዬ ድስቱን ሁለቴ አጠብኩ። የኤሌክትሪክ ምድጃውን ስለምፈራው በረጅም ማንኪያ ነበር የምነካካው። አርብ ቆጮዬን ጋግሬ፣ ጎመኑን በዘይት ሠርቼ፣ በሳህን አድርጌ ጠበቅኩ። ከእንሰት የተሠራ፣ ከብት ያልነካው፣ ከዚህ የበለጠ የጾም ምግብ ከየት ይመጣል?

ያን ቀን ጠዋት በመስኮቴ ጸሎታቸውን አየሁ። መብራት አብርተው፣ በመዳፋቸው የተቆላ ሽምብራና ከሸንኮራ የተሠራ ቡናማ ስኳር ይዘው፣ አንድ ታሪክ ለራሳቸው እያነበቡ ነበር። ሽምብራውን ሳይ ደነገጥኩ፤ የእኛው ቆሎ ነው። ሲጨርሱ በማሰሮ የነበረውን ውኃ በቤቱ ማዕዘን ሁሉ ረጩ፤ የተረፈውን በበረንዳው ላይ ላለች ተክል አጠጡ። ቀኑን ሙሉ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት፣ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት።

አመሻሽ ላይ ሳህኔን በግቢው ወንበር ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ ሄድኩ። ለእርስዎ ነው ብዬ በእጄ አመለከትኩ። ፊታቸው በራ። ወንበሩ አጠገብ ቆመው ቆጮውን ቆረሱና ጎረሱ። አንዴ አላመጡ፤ ከዚያ አቆሙ። ዓይናቸው ወደ እኔ መጣ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የሆነ ነገር ከእጁ ወድቆ የተሰበረበት ሰው ዓይን ነበር። ወደ ቤት ገብተው ሲጉመጠመጡ ሰማሁ።

መረዝኳቸው ብዬ ደጀኔ ጋ ደወልኩ። እየበረረ መጣ። ከበረንዳው በታች ቆሞ ከእርሳቸው ጋር ጥቂት አወራና መጀመሪያ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጠ።

«ማዘር፣ ቆጮ ይኮመጥጣል አይደል?»

«ይኮመጥጣል እንጂ። ሳይኮመጥጥ ምኑን ቆጮ ሆነ?»

ያኔ ነው የነገረኝ። በዚህ ጾም ከሁሉ በፊት የሚከለከለው ሥጋ አይደለም፤ ኮምጣጣ ነው። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ እርጎ፣ የቦካ ነገር ሁሉ። የሚጾም ሰው አይቀምሰውም፤ በቤቱም ለሌላ ሰው አይሰጥም። እሱ ይህን ያውቅ እንደሆነ ስጠይቀው፣ ሲጠቅሱ ሰምቼ ነበር፣ ትንሽ ነገር መስሎኝ ዘለልኩት አለ።

«አስገደፍኳቸው?» አልኩት።

«አዎ፣ ማዘር።»

አንቲ ሳሮጅ ምን እንደምንባባል ገብቷቸው ከበረንዳው ሆነው ተናገሩ፤ ደጀኔም ቃል በቃል ነገረኝ። «አልተቆጣሁም። በዚህ ቀን ቁጣም እንደ ኮምጣጣ ነው፣ አይፈቀድም። ከሚመጣው አርብ ጀምሬ እንደገና ከአንድ እቆጥራለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ከሆስፒታል ተደወለ። የታምሩ ኦክስጅን ወርዷል፤ ካልተሻለው ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ አስገብተን በማሽን እናስተነፍሰዋለን አሉ። ደጀኔ ሊነግረኝ ሲመጣ ከፊቱ አነበብኩት። እናቶች ሆይ፣ ልጄ የወደቀው በቆጮዬ ምክንያት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጌታ እንዲህ እንደማያደርግም አውቃለሁ። ሆዴ ግን አላወቀም። በሩን ዘግቼ እንደ እኛ ልማድ ውኃም ሳልቀምስ ጾም ያዝኩ። ቀኑን ሙሉ ተንበርክኬ ዋልኩ፤ ጉልበቴ ሲደክም የታምሩን ጃኬት አንጥፌ በላዩ ተንበረከክኩ።

እሁድ ደጀኔ ሱቁን ዘግቶ መጣ። አንቲ ሳሮጅ በእርሱ በኩል ለምን ውኃ እንደማልጠጣ ጠየቁኝ። ሥጋዬን አድክሜ ጌታ ፊት እንድቀርብ ነው አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። በእነርሱ ቋንቋ ጾም ማለት አጠገብ መቀመጥ ማለት ነው አሉኝ፤ ሰው ሆዱን ባዶ የሚያደርገው አምላኩ አጠገብ ቦታ እንዲያገኝ ነው። ባላቸው ባለፈው የበሽታው ማዕበል ጊዜ እዚያው ሆስፒታል ብቻቸውን እንደ ሞቱ፣ ማንም እንዲገባ እንዳልተፈቀደ ነገሩኝ።

«የእኔን ሰው አጠገብ ማንም አልተቀመጠም» አሉ። «ያንቺን ልጅ ሲወስዱት ግን ቢያንስ በዚህ መንገድ እቀመጥለታለሁ አልኩ።»

እኔም እውነቱን ነገርኳቸው፤ በአምላክዎ አላምንም፣ ልጄም አያምንም አልኩ። ደጀኔ ይህን ለመተርጎም ፈርቶ አየኝ። ንገራቸው አልኩት። ሰሙና፣ «እንድታምኚ አልጠየቅኩሽም፤ እንድትበዪ ነው የምጠይቅሽ» አሉ።

ሰኞ አንድ ነገር አየሁና ሌላ ጭንቀት ተጨመረብኝ። አንቲ ሳሮጅ በበረንዳው ላይ ጣታቸውን በመርፌ ወግተው ደማቸውን በትንሽ መሣሪያ ይለካሉ። ስኳር አለባቸው። ጠዋት ምንም ሳይበሉ የሚቆዩት ከስኳር በሽታ ጋር ነው። ያውም አሁን ሁሉንም ከመጀመሪያው ሊጀምሩት ነው፣ በእኔ ቆጮ። ደጀኔ በስልክ እያስተረጎመልኝ ለመንኳቸው፤ አይጹሙ፣ ጌታ ሰምቶናል፣ ይብቃዎት አልኩ። እንቢ አሉ። ዶክተር የሚሰጣቸውን መድኃኒት እንደማይተዉ፣ ከዚያ ውጭ ግን ስለቱን የገቡት ለአምላካቸው እንጂ ለእኔ እንዳልሆነ ተናገሩ።

ማክሰኞ ከሰዓት ነርሷ ደወለች። ቱቦው አልገባም፤ ሌሊቱን ኦክስጅኑ ከፍ ብሏል። ስልኩን ወደ ፊቱ አዞረች። ፕላስቲኩን ትንሽ አነሣ አድርጎ፣ «እማዬ፣ በላሽ?» አለኝ። ከወር በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ድምፁ ይኸው ነው። በላሁ አልኩት። ስልኩ እንደተዘጋ ወደ ግቢው ወጥቼ አንቲ ሳሮጅ ወንበሩ ላይ ያስቀመጡትን ሩዝ ቆሜ በላሁ፤ ውሸታም እንዳልሆን። እርሳቸውም ከበረንዳው ሆነው ያዩኛል፤ ያለቅሳሉ። እኔም እያለቀስኩ ነበር የምጎርሰው።

ሐሙስ ቀን፣ በራሱ መተንፈስ ስለቻለ፣ አልጋውም ለሌላ በሽተኛ ስለተፈለገ፣ ታምሩ ወጣ። ደጀኔ በባኪው አመጣው፤ ከእኔ አንድ ክንድ ይረዝም የነበረ ልጅ ጎብጦ ትከሻዬ ላይ ደረሰ። በማግስቱ አርብ ሆነ፣ የአንቲ ሳሮጅ አዲስ የመጀመሪያ አርብ። ያን ዕለት ጠዋት ታምሩ አፌ መሮኛል፣ ሎሚ ያለው ሻይ ስጪኝ አለኝ። አልሰጠሁትም። ነገ አልኩት። ቆጮ ስጪኝ አለ። እሱንም ነገ አልኩት። «እማዬ፣ ሕንድ ሆነሽ ጠበቅሽኝ?» ብሎ ሳቀብኝ፣ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ። እናቶች፣ ለምን እንደ ከለከልኩት አትጠይቁኝ። በዚያ ግቢ ውስጥ ያን ቀን ሎሚ የሚቆርጥ እጅ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ልጄን በማብላት አለፉ። መንገድ ለመንገድ አብረን እንራመዳለን፤ መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቆይቶ እስከ ማዕዘኑ። አርብ በመጣ ቁጥር ግን ዓይኔ ከበረንዳው አይነቀልም። ከአንዱ አርብ በኋላ አንቲ ሳሮጅ ተነሥተው ሲቆሙ አዙሯቸው ግድግዳውን ያዙ። ርቀቱን ረስቼ ሮጬ ደገፍኳቸው። እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር። ከዚያች ቡናማ ስኳር አንድ ጉርሻ አፋቸው ውስጥ አደረግኩላቸው፤ ያ ይፈቀዳል። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ጉንጬን ነካ ነካ አደረጉኝ።

የመመለሻዬ ቀን ሲደርስ ገና ግማሹም አልተጾመም ነበር። በበሩ ላይ በታምሩ በኩል አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ ከታመሙ ያቁሙ አልኩ። ሲጨርሱ ወንዶች ልጆችን ጠርተው የማብላት ሥርዓት እንዳለ፣ ታምሩንም ከእነርሱ ጋር እንደሚያስቀምጡት ነገሩኝ። ትልቅ ሰው እንደሆነ ብነግራቸው፣ «ለእኔ ልጅ ነው» አሉ። ለመንገዴ በወረቀት የተጠቀለለ ሽምብራ ሰጡኝ። በአውሮፕላኑ ውስጥ ጭምብሌን ዝቅ እያደረግኩ አንድ አንድ ፍሬ እየበላሁ መጣሁ። ለጣዖት ቀርቦ ይሆን ብዬ አልጠየቅኩም።

ቤቴ ከገባሁ ወራት አልፈዋል። ታምሩ ሱቁን ለደጀኔ ትቶ ኮዝሞ ሲቲ ወደሚባል ራቅ ያለ ሰፈር ተዛውሮ ሥራ ጀምሯል፤ ደረቱ ደህና ነው፣ ጌታ ይመስገን። አስራ ስድስቱ አርብ ግን እስካሁን ማለቅ ነበረበት፤ ለማብላቱ ሥርዓት የጠራው የለም። የአንቲ ሳሮጅ ስልክ አይነሣም። ታምሩ ሁለቴ ሄዶ ቤቱን ዝግ ሆኖ አገኘው። ጎረቤት፣ ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው ብሏል፤ ወደ ሆስፒታል ይሁን ወደ ራሷ ቤት አያውቅም።

ስለዚህ እዚያ ልጅ ያላችሁ እናቶች፣ አክቶንቪል የሚያልፍ ወይም እዚያ ዕቃ የሚያደርስ ልጅ ካላችሁ፣ አንቲ ሳሮጅን የት እንዳሉ ይጠይቅልኝ። በሕይወት አሉ ወይ? ስኳራቸው እንዴት ነው? ጾማቸውን ጨረሱ ወይስ አቆሙ? የሰማችሁትን ሁሉ፣ መጥፎም ቢሆን፣ ላኩብኝ።